መሬት ሳይጠብ የተራበ ሀገር

"ሕዝቡ በዛ፣ መሬቱ ጠበበ፣ ስለዚህ ተጋጨን።"

ይህን ያልሰማ የዚህ ቻናል ተከታታይ ያለ አይመስለኝም። በግጦሽ ይሁን በውሃ፣ በወሰን ይሁን በእርሻ፣ አንድ ቦታ ግጭት በተነሳ ቁጥር ከተንታኞቻችን አፍ ቀድሞ የሚወጣው ይኸው ነው። አባባሉ ጉልበት ያገኘው ሳይንስ ስለሚመስል ነው። "በዱርም እኮ እንዲሁ ነው፤ ሀብት ሲያጥር እንስሳትም ይሻማሉ፣ ይተላለቃሉ" ይባልና ክርክሩ ይዘጋል። ጥፋቱ የተፈጥሮ ከሆነ ማን ይጠየቃል?

ሽሚያ መኖሩ እውነት ነው። የፍጡራንን ቁጥር ከሚገቱት ነገሮች አንዱ እሱ መሆኑም እውነት ነው። ችግሩ ያጠረው ነገር ምን እንደሆነ ሳንጠይቅ መዝለላችን ነው። ብዙ ጊዜ ያጠረው ነገር እኛ የምንቆጥረው ነገር አይደለም። ይህን ለማሳየት ዛሬ ሁለት ታሪኮችን አያይዛለሁ፤ አንዱ የእኛው ክፉ ቀን ነው፣ ሌላው የታንዛኒያው ሴሬንጌቲ። የማይገናኙ ይመስላሉ። ያገናኛቸው አንድ በሽታ ነው። (ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።)

▪️ "ደስታ" የተባለው በሽታ

የከብት በሽታው ስም በአማርኛ "ደስታ" ነው። ከብት የሚፈጅን መቅሰፍት ደስታ ብሎ መጥራት የእኛ ሰው ጠባይ ነው፤ ክፉን ነገር በስሙ ከጠሩት ይመጣል ይባላልና። ትግርኛ ተናጋሪዎች ጉልሓይ ይሉታል። በሽታው ከብቱን በትኩሳት፣ በአፍ ቁስልና በተቅማጥ ይዞ በቀናት ውስጥ ይጥለዋል። ከዚያ በፊት ያልተጋለጠ መንጋ ውስጥ ሲገባ ከአሥር ዘጠኙን ይገድላል።

በ1887 ጣሊያን ምጽዋን ይዞ ወደ ደጋው ለመውጣት ሠራዊት እያከማቸ ነበር። ሠራዊቱ ሥጋ ይበላል። ለስንቅ ከባሕር ማዶ ከመጡት፣ አብዛኛው ታሪክ ጸሐፊ ከሕንድ የመጡ ከሚላቸው ከብቶች ጋር፣ በሽታው ወደብ ላይ ወረደ። በዓመት ውስጥ ትግራይን፣ ጎንደርን፣ ወሎን፣ ሸዋን አዳረሰ። ከደጋው አልፎም ወደ ደቡብ ወረደ። የሀገሪቱ ከብት ወደ ዘጠና በመቶ የሚጠጋው እንዳለቀ ነው በስፋት የሚነገረው።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለውን ዘመን አያቶቻችን ክፉ ቀን አሉት። ድርቅ ነበር፣ አንበጣ ነበር፣ ተምች ነበር። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት በዚሁ መካከል፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ነው። ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛው አለቀ የሚለው ግምት ተደጋግሞ ይጠቀሳል። ቆጠራ ባልነበረበት ዘመን ይህ ግምት እንጂ ቁጥር አይደለም። የሰውን አስከሬን የሚቀብር ጠፍቶ ጅብ ከተማ መግባቱን ግን የዘመኑ ምስክሮች በየቋንቋቸው ጽፈውታል።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ ሕዝቧ ከዛሬው ጋር ሲነጻጸር እፍኝ ነበር። መሬቱ ሰፊ ነው። አፈሩ ዛሬ ከምናውቀው የተሻለ እንጂ የባሰ አልነበረም። ድርቁ ካለፈ በኋላ ዝናቡም ተመልሷል። ታዲያ ረሃቡ ለምን ዓመታት ቆየ?

መልሱ በቋንቋችን ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል። የእኛ ገበሬ መሬቱን የሚለካው በጥማድ ነው። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በቀን ውሎው የሚያርሰው ነው። እንግዲህ መሬቱ ራሱ የሚለካው በበሬ ነበር! ጥማድ በሬ የሌለው ሰው መሬት አለው ቢባልም የለውም ማለት ይቻላል። አንድ በሬ ያለው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ መቀናጆ የምንለው ይህ ነው። ሁለቱም በሬ ሲሞት ግን መቀናጆም የለ፣ እርሻም የለ።

አፄ ምኒልክ ባላገሩ በዶማና በመጥረቢያ እየቆፈረ እንዲዘራ ማዘዛቸው፣ ራሳቸውም ዶማ ይዘው መቆፈራቸው የተመዘገበ ነው። መኳንንቱ ዶማ ሲይዙ ምን ያህል እንዳፈሩ መገመት አያቅትም። ንጉሡ ግን ችግሩን በትክክል አይተውታል። የጠፋው መሬት አልነበረም፤ የጠፋው መሬትን ወደ እህል የሚቀይረው ጉልበት ነው።

በዚያው ክፍለ ዘመን ዩስቱስ ፎን ሊቢኽ የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት ይህንኑ ሐሳብ በተክሎች ላይ አስተምሮት ነበር። አንድ ተክል የሚያድገው ባሉት ንጥረ ነገሮች ድምር ልክ ሳይሆን በጣም ባነሰበት ንጥረ ነገር ልክ ነው። ተማሪዎች በበርሜል ይማሩታል፤ ጣውላዎቹ እኩል ያልሆኑ በርሜል ውሃ የሚይዘው እስከ አጭሩ ጣውላ ድረስ ብቻ ነው። ሌሎቹን ጣውላዎች ብታስረዝሙ ውሃው ይፈስሳል። የክፉ ቀን አጭር ጣውላ በሬው ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የማይወደው ቢሆንም። ሀብት ሲያጥር ሽሚያው ሁለት መልክ ይኖረዋል። በአንደኛው ሁሉም እኩል ይሻማል፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይደርሰዋል፣ ሁሉም ይከሳል። በሁለተኛው ጉልበት ያለው ሙሉ ድርሻውን ይወስዳል፣ የሌለው ባዶ እጁን ይቀራል። ክፉ ቀን ሁለተኛው ዓይነት ነበር። ጠመንጃ የያዘ ወታደር የባላገርን ጎተራ ሲከፍት የከለከለው የለም። የምኒልክ ሠራዊት በእነዚያ ዓመታት ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ያደረገውን ዘመቻ ከከብትና ከእህል ፍለጋ ጋር የሚያያይዙት ታሪክ ጸሐፊዎች ጥቂት አይደሉም። ዘመቻው ከዚያ በፊት የተጀመረ ስለሆነ ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ማለት ስህተት ነው። ረሃቡ አላፋጠነውም ማለትም ስህተት ነው።

▪️ ወደ ደቡብ

በሽታው እኛ ዘንድ አልቆመም። በ1890 እና 1891 ኬንያና ታንጋኒካ ገባ። እንግሊዛዊው ሉጋርድ በዚያ ሲያልፍ የከብቱን ብቻ ሳይሆን የጎሹን እልቂት ጽፏል፤ በሽታው የሚያመሰኩ የዱር እንስሳትንም ይገድላልና። ማሳዮች ያንን ዘመን "ኢሙታይ" ይሉታል፣ እኛ ክፉ ቀን እንደምንለው ማለት ነው። ኦስካር ባውማን የተባለው ኦስትሪያዊ ተጓዥ በ1892 ንጎሮንጎሮ ሲደርስ ያገኘው አጥንትና ቆዳ የቀሩ ማሳዮችን ነበር፤ ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛው እንዳለቀ ገምቷል። በ1896 በሽታው ዛምቤዚን ተሻገረ፣ በ1897 ኬፕ ደረሰ። ከምጽዋ እስከ ኬፕ አሥር ዓመት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። ከብቱ አልቆ ሣሩን የሚግጥ ጠፋ፣ ሰውም ስላለቀ ቁጥቋጦ የሚመነጥርና በወቅቱ እሳት የሚለቅ አልነበረም። በብዙ ቦታ ቁጥቋጦው ገፍቶ መጣ፣ ከቁጥቋጦው ጋር የገንዲ በሽታ የምታስተላልፈዋ ዝንብ መጣች፣ ከብት ወደዚያ መመለስ አልቻለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጡት የቅኝ ግዛት ሹማምንት ሰው የሌለበትን ምድር አይተው "ያልተነካ ዱር" አሉት። ያልተነካ ሳይሆን ያለቀበት ነበር። በዚህ እሳቤ ላይ ፓርኮች ተመሠረቱ። ሴሬንጌቲ በ1951 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፣ በ1959 ማሳዮች ከውስጡ ተነስተው ወደ ንጎሮንጎሮ እንዲሄዱ ተደረገ። የልጅ ልጆቻቸው በ2022 ሎሊዮንዶ ላይ ከታንዛኒያ ፖሊስ ጋር የተጋጩት በዚሁ ጥያቄ ነው። "የዱር እንስሳቱና የማሳይ ከብት አብረው አይበቁም" የሚለው መከራከሪያ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ይበቃሉ ወይስ አይበቁም? ይህ በስሜት የሚመለስ አይደለም። መልሱ ያለው ቆጠራ ውስጥ ነው።

▪️ ሣሩን ማን ነው የሚሻማው?

የሴሬንጌቲ ዋነኛ እንስሳ ዊልደቢስት ነው። ራሱ የበሬ፣ ጭራው የፈረስ የሚመስል፣ በየዓመቱ ዝናብ ተከትሎ ከታንዛኒያ ወደ ኬንያ ማሳይ ማራ ሄዶ የሚመለሰው በቴሌቪዥን የምታውቁት መንጋ ማለት ነው። ጀርመናውያኑ በርንሃርድ ግርዚሜክና ልጁ ሚካኤል በ1958 የሜዳ አህያ ቀለም የተቀባች አነስተኛ አውሮፕላን ይዘው ከአየር ለመቁጠር ሞከሩ። አንድ መቶ ሺህ ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ነው አሉ። (ሚካኤል በዚያው ሥራ ላይ እያለ በጥር 1959 አውሮፕላኗ ከጥንብ አንሳ ጋር ተጋጭታ ሞተ።) ቆጠራው ያነሰ እንደነበር ቆይቶ ታወቀ። በ1961 በተሻለ ዘዴ ሲቆጠር ወደ 260 ሺህ ተገኘ።

በዚሁ ጊዜ በፓርኩ ዙሪያ ያሉ ከብቶች የደስታ ክትባት እየተሰጣቸው ነበር። ክትባቱን ያሻሻለው ዋልተር ፕላውራይት ነው፤ ኬንያ ሙጉጋ ሆኖ ሠርቶት በኋላ የዓለም የምግብ ሽልማት አግኝቶበታል። የዘመኑ የእንስሳት ሐኪሞች እምነት በሽታውን የሚያቆየው የዱር እንስሳው ነው፣ ከብቱ ከእሱ ይይዘዋል የሚል ነበር። የተገላቢጦሽ ሆኖ ተገኘ። ከብቱ ሲከተብ በሽታው ከዊልደቢስቱም ጠፋ። ለሰባ ዓመታት የዊልደቢስት ጥጆችን እየገደለ መንጋውን አንቆ ይዞ የነበረው የከብቱ በሽታ ነበር።

ውጤቱ በሥነ ምህዳር ታሪክ ከታዩት ትልልቅ ፈተናዎች አንዱ ሆነ፤ ማንም ሳያቅደው። ከ1963 በኋላ ዊልደቢስቱ መውጣት ጀመረ። በ1977 ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ጎሹም ከ30 ሺህ ገደማ ወደ 75 ሺህ ገደማ ደረሰ። የሜዳ አህያው ግን 200 ሺህ አካባቢ እንደነበር ቀጠለ። ለምን? የሜዳ አህያ አያመሰኳም፤ ደስታ አይዘውም። ስለዚህ ከበሽታው ነጻ መውጣትም አልጨመረለትም። ሳይንቲስት በላብራቶሪ ቢያስብ ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ አያገኝም።

ከዚያ መንጋው ቆመ። ከ1977 ወዲህ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ በዚያው አካባቢ ኖረ እንጂ ሁለት ሚሊዮን አልደረሰም። ማን አቆመው?

አብዛኛው ሰው "አንበሳ" ይላል። ቶኒ ሲንክሌር፣ ታንዛኒያዊው ሳይመን ምዱማና ባልደረቦቻቸው በ1999 የአርባ ዓመት መረጃ ሰብስበው መልሱን ሰጡ። የሞቱ እንስሳትን አጥንት እየሰበሩ መቅኔውን ያዩ ነበር። ጤነኛ ከብት መቅኔው ነጭና ጠንካራ ስብ ነው። የተራበው ግን ስቡ አልቆ እንደ እንቁላል ውሃ ይሆናል። አብዛኞቹ ሟቾች መቅኔያቸው ያለቀ ነበር። አንበሳና ጅብ ከገደሏቸውም ብዙዎቹ ቀድሞውኑ ረሃብ ያደከማቸው ነበሩ። መንጋውን ያቆመው ሣር ነው። የዊልደቢስት ተቀናቃኝ አንበሳ ሳይሆን ሌላ ዊልደቢስት ነው።

ወደ ዋናው ነገር መጣን። የትኛው ሣር?

ዝናብ ሲዘንብ ደቡብ ሴሬንጌቲ የሣር ባሕር ነው። ያን ሣር ሁሉ ለመጨረስ ሚሊዮን ዊልደቢስትም አይበቃም። የዓመቱን ሣር ደምራችሁ በአንድ እንስሳ ፍጆታ ብታካፍሉ "ገና ብዙ ይችላል" የሚል መልስ ታገኛላችሁ። ግን እንስሳው የሚሞተው በዓመት አማካይ አይደለም። የሚሞተው በደረቁ ወራት፣ ወደ ሰሜን ወንዞች ተሰብስቦ ለእያንዳንዱ ጥቂት አረንጓዴ ቅጠል ብቻ ሲደርሰው ነው። የመንጋውን ልክ የሚወስነው በበጋ የምትገኘዋ ያች ጥቂት ሣር ናት። ማስረጃው ደግሞ አለ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በበጋ ወራት ከወትሮው የበለጠ ዝናብ ሲጥል መንጋው ፈጥኖ አደገ፣ በ1993 በጋው ክፉኛ ሲደርቅ በመቶ ሺህ የሚቆጠር እንስሳ አለቀ። የክረምቱ ሣር በብዙ እጥፍ ቢጨምር ኖሮ አንድም እንስሳ ባላተረፈ ነበር።

ሌላም አለ። እዚያው ሜዳ ላይ የሜዳ አህያ፣ ዊልደቢስትና የቶምሰን የሜዳ ፍየል አንድ ሣር ይበላሉ። በተለመደው ስሌት ሦስቱ ተፎካካሪዎች ናቸው። የሜዳ አህያው ግን ረጅሙንና ደረቁን አገዳ ይጨርሳል፤ ከሥሩ ቅጠሉ ሲገለጥ ዊልደቢስቱ ይከተላል፤ ዊልደቢስቱ ካለፈ በኋላ አጭሩ ለጋ ሣር ሲያቆጠቁጥ የሜዳ ፍየሏ ትመጣለች። ሳሙኤል ማክናውተን በ1970ዎቹ ለክቶ እንዳሳየው የሜዳ ፍየሎቹ ዊልደቢስት የጋጠውን ቦታ እየመረጡ ይሄዱ ነበር። አንዱ ለሌላው ያዘጋጅለታል። ዊልደቢስቱ ሲበዛ ሣሩ አጥሮ የሚነድ በማጣቱ የሰደድ እሳቱ ቀነሰ፣ እሳቱ ሲቀንስ ዛፎቹ ተመለሱ። ሣር የሚበላ እንስሳ ዛፍ አበቀለ!

ይህ ጨዋታ አዲስ ግኝት አይደለም። ሩሲያዊው ጋውዘ በ1934 ባሳተመው ሥራው በዓይን የማይታዩ ሁለት ነፍሳትን በአንድ ብርጭቆ አንድ ምግብ እየሰጠ ሲያኖር አንዱ ሌላውን ጨርሶ አጠፋው። የሥነ ምህዳር መማሪያዎች ሁሉ ይህን ያነሳሉ፤ "ሁለት ተፎካካሪ በአንድ ቦታ አይኖርም" ለሚሉ ወገኖችም ስንቅ ሆኗቸዋል። የዚያው ሰው ሌላ ሙከራ ግን እምብዛም አይነገርም። ከተሸናፊው ጋር ሌላ ሦስተኛ ዝርያ ሲያኖር ሁለቱም ኖሩ፤ አንዱ ከላይ የሚንሳፈፈውን ሲበላ ሌላው ከታች የዘቀጠውን እየበላ ነበር። ብርጭቆው አልሰፋም፣ ምግቡም አልበዛም፤ የተለየው አበላላቸው ነው።

▪️ አዋሽ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የሴሬንጌቲ በጋ እኛ ዘንድ የት አለ ብትሉ፣ አዋሽ ዳር ነው።

የአፋር አርብቶ አደር ሕይወት በሁለት ወቅት የተከፈለ ነው። ዝናብ ሲጥል መንጋው በሰፊው ሜዳ ይበተናል። ሜዳው ሲደርቅ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ አዋሽ ሞልቶ ያጠጣው የዳር መሬት ሌላው ሁሉ በደረቀ ጊዜ አረንጓዴ ነው። ከሰፊው የአፋር ምድር ይህ የወንዝ ዳር ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ካርታ ላይ ቀጭን መስመር ነው። ያለ እሱ ግን የቀረው ሰፊ ሜዳ ለመንጋው ዓመት የሚያደርስ አይሆንም። የበርሜሉ አጭር ጣውላ እሱ ነው።

የቆቃ ግድብ በ1960 ተመረቀ፤ የወንዙ ሙላት በቁጥጥር ሥር ዋለ። በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ተንዳሆ ላይ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ጥጥ አለማ። በላይኛው ሸለቆ ወንጂ ቀድሞ ሸንኮራ ይዞ ነበር፣ መተሐራ ተከተለ። የከረዩ ኦሮሞዎች ከስኳሩ በተጨማሪ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም መጣባቸው። ነገሩን የውጭና የሀገር ሰው ጠብ ብቻ አድርጎ ማየት ግን ልክ አይሆንም፤ ሱልጣን አሊሚራህ ራሳቸው አውሳ ላይ ጥጥ ያለሙ ነበር። መንገዱ የተለያየ ቢሆንም የተያዘው ያው የበጋው መሬት ነው።

በአዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ስሌቱ ልክ ነበር። የአፋር ምድር ይህን ያህል ሚሊዮን ሄክታር ነው፤ እርሻው የሚወስደው ከዚያ ላይ ኢምንት ነው፤ ለከብቱ የሚቀረው ብዙ ነው። ይህ የዓመቱን ሣር ደምሮ በዊልደቢስት እንደማካፈል ነው። እያንዳንዱ ቁጥር እውነት ሆኖ መልሱ ውሸት ይሆናል።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ዝናቡ ሲቀር መንጋው እንደ ልማዱ ወደ ወንዙ ወረደ። ወንዙ ዳር ጥጥ ነበር፣ ከጥጡ ዳር ዘበኛ። የ1965 እና 66 ዓ.ም. ረሃብ ሲነሳ ሁላችንም የምናስታውሰው ወሎን ነው፤ ፊልሙ የተቀረጸው እዚያ ነውና። ከሕዝብ ብዛታቸው አንጻር ግን ከማንም የከፋ የተጎዱት አፋሮች እንደነበሩ ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች ይናገራሉ፤ ከአራት አንድ ሰው ያህል ሞተ የሚል ግምት አለ። ድርቁ ከሰማይ መጣ። ድርቅ ሲመጣ መሸሻ የነበረው ቦታ የተወሰደው ግን በወረቀት ነው። አስቀድሜ ሁለተኛው ዓይነት ሽሚያ ያልኩት ይህ ነው፤ ዊልደቢስት ይህን ማድረግ አይችልም። ዊልደቢስት ሊዝ የለውም።

ከወንዙ ተገፍቶ የወጣ መንጋ ደግሞ የትም አይጠፋም። ሌላ ሰው በሚግጥበት ይደርሳል። የአፋርና የኢሳ ግጭት ከጥጡ በፊት የነበረ ነው፣ ሌሎች ብዙ ምክንያቶችም አሉት፤ ኮንትሮባንድ አለ፣ መንገድ አለ፣ የክልል ወሰን አለ። ነገር ግን የበጋ መሸሻው በጠበበ ቁጥር ሁለቱ ወገኖች በቀረችው ጉድጓድ ላይ የሚገናኙበት ቀን እንደሚበዛ ለመረዳት ሳይንቲስት መሆን አያሻም። ያን ጊዜ ዜናው "በግጦሽ መሬት እጥረት" ይላል። የእርሻው ስም በዜናው ውስጥ አይገባም።

የሕዝብ ቁጥር ምንም አይደለም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሆነናል፣ በደጋው የአንድ ልጅ ድርሻ ከአባቱ ድርሻ ያነሰ ነው፣ ይህን የሚክድ ገጠር ያልረገጠ ነው። ሴሬንጌቲም ልክ አለው ብለናል። የእኔ ክርክር ከልኩ ጋር አይደለም፤ ልኩን ማን እንዳሳጠረው ሳይጠየቅ ከሚታለፍበት መንገድ ጋር ነው። ወረዳ ላይ ተቀምጦ ለባለሀብት መሬት የሚሰጥ ሹም፣ የሚሰጠው መሬት በመጋቢትና በግንቦት ማን እንደሚውልበት ካልጠየቀ "ትርፍ መሬት" የሚለው ቃል ትርጉም የለውም። መሬቱ በመስከረም ትርፍ ነው። በግንቦት አይደለም።

▪️ የመጨረሻው ከብት፣ የመጨረሻው ዛፍ

ደስታ ራሱ የት ደረሰ ብትሉ፣ ከምድር ጠፍቷል። በ2011 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት መጥፋቱን አወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ሆን ብሎ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። የመጨረሻው የታየው በ2001 ኬንያ ውስጥ በሜሩ ፓርክ ጎሾች ላይ ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የተገኘው በ1995 ሲሆን ቦታው አፋር ነበር። የመንግሥት የክትባት ቡድን ማቀዝቀዣ ይዞ መድረስ ባቃተው በረሃ ሥራውን የጨረሱት በየጎሣቸው የተመረጡ አፋር አርብቶ አደሮች ናቸው፤ ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ተሰጥቷቸው፣ መንጋው ያለበትን እያወቁ በእግራቸው እየሄዱ ከተቡ። ምጽዋ ላይ ገብቶ ክፉ ቀንን ያመጣው በሽታ ከሀገራችን የወጣው በእነሱ እጅ ነው ማለት ነው።

እነዚያ ከብቶች በጋ ሲመጣ ወደ አዋሽ ወረዱ። ጥጡ በየቦታው ተትቶ ነበር፤ በምትኩ ግን በ1970ዎቹና 80ዎቹ አፈር እንዲይዝና ጥላ እንዲሆን ተብሎ ከውጭ የገባው እሾሃማ ዛፍ፣ ፕሮሶፒስ፣ ሜዳውን ይዞት ጠበቃቸው። ሥሩ ጥልቅ ነው፣ ከሥሩ ሣር አያስበቅልም። ከብቱ ፍሬውን ይበላና በፋንድያው ዘሩን ወደ አዲስ ሜዳ ይወስድለታል። ዛሬ በአፋር ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደያዘ ይገመታል፣ ያ የወንዝ ዳር መሬትም ከዚያ ውስጥ ነው። አፋሮች "ደርጊ ሐራ"፣ የደርግ ዛፍ ይሉታል። በአማርኛ ደግሞ "የወያኔ ዛፍ" ነው የሚባለው። ወደ ወንዙ የሚያደርስ መንገድ በመጥረቢያ የሚከፍቱት ያው የከተቡት ሰዎች ናቸው፤ ዛፉ ደግሞ ከተቆረጠበት ጉቶ እንደገና ያቆጠቁጣል።